ለስፔስ ኦፔራ ጨዋታችን ሕግ ስንመርጥ፦ የሥራ ማስታወሻ

ጥቅምት መጀመሪያ፦ ምን ይዘን እንነሳ

ጨዋታው እያንዳንዱ ሰው አንድ ካራክተር፣ ማለትም ገጸ ባሕርይ፣ ይዞ ጠረጴዛ ዙሪያ በቃል ታሪክ የሚሠራበት ነው፤ የሚሳካውንና የማይሳካውን ዳይስ ይወስናል። ተጫዋቾቹ አራት ናቸው። ሂሳብ ሠራተኛ ጓደኛዬ፣ ነርሷ፣ ታናሽ ወንድሜና ጎረቤታችን ጋሼ። ጋሼ ለብዙ ዓመት የጅቡቲ መስመር ሾፌር ነበሩ። ጡረታ ከወጡ ወዲህ እሁድ ከሰዓት የእኛ ናቸው። ጨዋታውን የምመራው፣ ማለትም ጂኤሙ፣ እኔ ነኝ። የጎራዴና የድራጎን ካምፔናችን፣ ማለትም ከእሁድ እሁድ የሚቀጥለው ታሪካችን፣ ክረምት ላይ አለቀ። ቀጣዩ ጠፈር ይሁን ተባለ።

ጠፈር ስንል ሳይንሱ የጠበቀ ዓይነት አይደለም። የሚፈራርስ ግዛት፣ ኮንትሮባንድ፣ ክህደት፣ ከኮከብ ኮከብ የሚሮጥ አሮጌ መርከብ። ስፔስ ኦፔራ። ለዚህ የተጻፈ ሕግ ሞልቷል። ሥራው መምረጡ ላይ ነው።

አንደኛው ገደብ ዳይስ ነው። ባለ 20፣ ባለ 12 ወይም ባለ 8 ጎን ዳይስ የምናገኘው ከውጭ የሚመጣ ሰው ስናገኝ ነው። ከሉዶ ጋር የሚሸጠው ባለ 6 ጎን ግን ሰፈር ውስጥም አለ። የስልክ አፕ ይሠራል። ግን ሁሉም አንገቱን አስግጎ የሚያየው ጠረጴዛ ላይ የሚንከባለለውን ነው። ሁለተኛው ወረቀት ነው። ኮፒ ቤቱ ጥቁርና ነጭ በገጽ 5 ብር ይላል። 400 ገጽ መጽሐፍ 2,000 ብር መሆኑ ነው፤ አይሆንም። ሦስተኛው መብራት ነው። ሲጠፋም በሻማ መቀጠል አለብን። ላፕቶፕ ከሌለ የማይንቀሳቀስ ሕግ አልፈልግም።

አራተኛው ዋናው ነው። ሕጉ ተጫዋቹን ስለ ምን ያስጨንቀዋል? ስለ ጥይት ብዙ ገጽ ያለው መጽሐፍ ሰውን ወደ ተኩስ ይነዳል። ስለ ዕዳ ብዙ ገጽ ያለው ወደ ሥራ ፍለጋ ይነዳል። የዓለሙ ታሪክ የቱንም ያህል ቢያምር፣ ጠረጴዛ ላይ የሚሆነውን የሚወስነው ይኼ ነው።

በዚህ ወንፊት ወዲያው የወደቁ አሉ። ስታርፋይንደር (አሳታሚው ፓይዞ፣ 2017፤ እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ የፈረንጅ ናቸው) ከ500 ገጽ በላይ ነው፤ ባለ 20 ጎን ዳይስና ባለ አራት ማዕዘን የውጊያ ካርታ ይፈልጋል። ሳቬጅ ወርልድስ ከባለ 4 እስከ ባለ 12 ያለውን ዳይስ በሙሉ፣ ለተራ ደግሞ መጫወቻ ካርታ ይጠይቃል። ፋንታሲ ፍላይት በ2013 የጀመረው የስታር ዋርስ ጨዋታ የራሱ ምልክት ያለው ዳይስ አለው። ሐሳቡ ጥሩ ነው። አንድ ውርወራ ላይ ተሳክቶልህም ችግር ሊመጣብህ ይችላል። ግን ለአንድ ጨዋታ ብቻ የሚሆን ዳይስ ከባሕር ማዶ አላስመጣም። በ1987 ዌስት ኤንድ ጌምስ ያወጣው የድሮው ስታር ዋርስ ባለ 6 ጎን ብቻ ስለሆነ ትንሽ አጓጓኝ። ችግሩ ዳይሱ ሁሉ የሚደመር መሆኑ ነው። ካራክተሩ ሲያድግ ስምንትና ዘጠኝ ዳይስ መደመር ይመጣል። ወንድሜ እስኪደምር ሻይ ይቀዘቅዛል።

ጥቅምት አጋማሽ፦ ዳይሱና የሙከራው ትዕይንት

ዳይስ ከየሱቁ ሰበሰብኩ። ርካሽ ስለሆነ ሚዛኑ አጠራጠረኝ። ዘዴው ቀላል ነው። ብርጭቆ ውስጥ ሙቅ ውሃ፣ ዳይሱ እስኪንሳፈፍ ድረስ ጨው። ከዚያ በጣት እየነኩ ማገላበጥ። ሁልጊዜ አንድ ጎን ብቻ ወደ ላይ ከመጣ ሚዛኑ ልክ አይደለም ማለት ነው። ትንንሾቹ ነጮች እንደዚያ ሆኑ፤ ወደ ሉዶው ተመለሱ። አንዳንዱ ጨው ቢበዛም አይንሳፈፍም። እሱን ደጋግሞ ጥሎ መቁጠር ብቻ ነው።

ሕጎቹን ለማወዳደር አንድ ትዕይንት በሁሉም እንጫወታለን። መርከቡ ጣቢያ ላይ ቆሟል። ጭነቱ ውስጥ የተደበቀ ሰው አለ። ጉምሩክ ሊፈትሽ እየመጣ ነው። የመነሻ ፈቃድ ገና አልተሰጠም። የማየው ሁለት ነገር ነው። ካራክተር ለመሥራት ስንት ሰዓት ይፈጃል? ሰዎቹ እርስ በርስ ነው የሚነጋገሩት ወይስ እኔን ነው የሚጠብቁት?

ጥቅምት መጨረሻ፦ ባለ አንድ ገጹ

የጆን ሃርፐር ሌዘርስ ኤንድ ፊሊንግስ። 2013፣ ነፃ፣ አንድ ገጽ። የኅትመት ወጪ 5 ብር።

ተጫዋቹ ከ2 እስከ 5 አንድ ቁጥር ይመርጣል። ከፍ ያለ ቁጥር በመሣሪያና በሎጂክ ያበረታል፤ ዝቅ ያለው በሰውና በስሜት። የመጀመሪያው ዓይነት ሥራ ሲሆን ከቁጥሩ በታች መጣል ነው፤ ሁለተኛው ሲሆን ከቁጥሩ በላይ። ልክ ቁጥሩ ከወጣ ተሳክቶለት በዚያ ላይ ጂኤሙን አንድ ጥያቄ ይጠይቃል፤ እውነተኛ መልስ ያገኛል።

ሻይ ሳይፈላ ካራክተር ተሠራ። ጉምሩኩ በሳቅ አለፈ። ለአንድ እሁድ የሚሻለው የለም። ለካምፔን ግን አይሆንም። የሚጠራቀም፣ የሚያድግ፣ የሚጎድል ነገር የለውም። ሁለት ሰው በቀረ ቀን እንድንጫወተው ፋይሉ ውስጥ ገባ።

ኅዳር መጀመሪያ፦ ስታርስ ዊዝአውት ነምበር

የኬቨን ክሮፎርድ ሥራ ነው። የተሻሻለው እትም በ2017 ወጣ። ነፃው ፒዲኤፍ ራሱ ሙሉ ጨዋታ ነው። ስኪል፣ ማለትም የካራክተሩ ችሎታ፣ በሁለት ባለ 6 ጎን፣ ተኩስ በባለ 20 ጎን ይፈታል። ለተኩሱ በስልክ ሠራን።

ወንድሜ ደስ ብሎት ጉምሩኩ ላይ ተኮሰ። መልሱ ወዲያው መጣ። ደረጃ 1 ላይ ተዋጊ ያልሆነ ሰው ሕይወቱ የአንድ ባለ 6 ጎን ዳይስ ውርወራ ነው። የሌዘር ጠመንጃ ጉዳት ባለ 10 ጎን። የመጀመሪያዋ የወደቀችው የነርሷ ካራክተር ናት፤ የመርከቡ ሐኪም። “እኔን ማን ሊያክመኝ ነው?” አለች። መልስ አልነበረም።

ጨዋታው መጥፎ አይደለም። ሰው ከመተኮሱ በፊት እንዲያስብ ያስገድዳል። ግን እኛ የምንፈልገው ስፔስ ኦፔራ ሰው በመስኮት ዘሎ የሚተርፍበት ነው። ደራሲውም ይኼን ስለሚያውቅ፣ የሚሸጠው ሰፋ ያለ እትም ለጀግና ዓይነት ጨዋታ አማራጭ ሕግ አለው። አልሞከርነውም፤ ባለ 20 ጎኑ ነገር ራሱ በቂ እንቅፋት ነበር።

ልብ ያልኩት ሌላ ክፍሉን ነው። ለጂኤም የተጻፈውን። 8 በ10 በሆነ የሄክስ (ባለ ስድስት ማዕዘን ሕዋስ) ካርታ ላይ ከዋክብት ትዘራለህ። እያንዳንዱ ዓለም ሁለት መለያ ይደርሰዋል። እያንዳንዱ መለያ ጠላት፣ ወዳጅ፣ ውስብስብ ችግር፣ ዕቃና ቦታ ይዞ ይመጣል። ሁለቱን ስታጋጭ ታሪኩ ራሱ ይወጣል። አንድ ምሽት ቁጭ ብዬ ሙሉ ሴክተር፣ ማለትም የከዋክብት ክልል፣ ሠራሁ። በዚህ ሥራ ላይ ከእሱ የሚበልጥ መሣሪያ አላየሁም። የትኛውንም ሕግ ብንመርጥ ይኼ ክፍል አብሮን ይሄዳል። እነዚያን ገጾች ብቻ አሳተምኩ።

ኮሪዮሊስንም በዚሁ ሳምንት አነበብኩ። የስዊድን ጨዋታ ነው፤ በ2008 ወጥቶ ኋላ በፍሪ ሊግ በእንግሊዝኛ ታተመ። ዓለሙ የመካከለኛው ምሥራቅ መንፈስ አለው፤ ባዛር፣ ጸሎት፣ ቡና። ዳይሱም ባለ 6 ጎን ብቻ ነው። ውርወራህ ካልተሳካ ጸልየህ ድጋሚ ትጥላለህ፤ በምላሹ ጂኤሙ የጨለማ ነጥብ ያገኛል። ነርሷ በጣም ወደደችው። ግን የሚቆጠረው 6 ብቻ ነው። አምስት ዳይስ ይዘህ እንኳ የመሳካት ዕድልህ 60 በመቶ ገደማ ነው። ጸሎት የሚበዛው ለዚህ ነው። ከዓለሙ ተነጥሎ ለእኛ ሴክተር ሲሆን ጣዕሙ ግማሽ ይጠፋል። አለፍኩት።

ኅዳር መጨረሻ፦ ስከም ኤንድ ቪለኒ

2018፣ አሳታሚው ኢቭል ሃት። ሥሩ የጆን ሃርፐር ብሌድስ ኢን ዘ ዳርክ ነው። ባለ 6 ጎን ብቻ፣ ድምር የለም፤ ትልቁን ቁጥር ብቻ ታያለህ። 6 ከሆነ ሙሉ ስኬት፣ 4 ወይም 5 ከሆነ ስኬት ከነጣጣው፣ 3 እና ከዚያ በታች ከሆነ ጣጣው ብቻ። ቡድኑ ሲጀምር መርከብ ይመርጣል። መርከቡ ኮንትሮባንድ፣ ሰው አሳዳጅ ወይም አማፂ መሆንህን ይወስናል። ኮንትሮባንዱን ወሰድን።

ሙከራው የዓመቱ ምርጥ እሁድ ሆነ። ምክንያቱ ወደ ኋላ መመለስ የሚባለው ሕግ ነው። ተጫዋቹ ትንሽ ጭንቀት (በነጥብ የሚቆጠር ነው) ከፍሎ ቀድሞ ያደረገውን ነገር ይተርካል። ጉምሩኩ በሩን ሲያንኳኳ ሂሳብ ሠራተኛዋ እጇን አወጣች። “ትናንት ማታ እኮ የዚህን ሰውዬ አለቃ ቡና ጋብዤው ነበር” አለች። ጠረጴዛው ሁሉ ጮኸ። ሰዓት የሚባለውም ደስ ይላል። ክብ ስለህ ትከፋፍላለህ፤ ችግር በመጣ ቁጥር አንድ ቁራጭ ታጠቁራለህ። “ፍተሻው ሊደርስ ነው” ማለትና ከስድስት አምስቱ የጠቆረ ክብ ማሳየት አንድ አይደለም።

ታዲያ ለምን አልመረጥነውም? ሁለት ነገር። በሁለት ዳይስ ስትጥል 44 በመቶ ገደማ የሚወጣው መካከለኛው ውጤት ነው። ተሳካ፣ ግን... እያንዳንዱን “ግን” የምፈጥረው እኔ ነኝ። መጀመሪያ ላይ ያዝናናል። ወደ ማታ ሲሆን ጭንቅላቴ ባዶ ሆነ፤ የመጨረሻዎቹ ሦስት ጣጣዎች ሁሉ “ሌላ ዘበኛ መጣ” ነበሩ።

ሁለተኛው ጋሼ ናቸው። “ያላደረግነውን አድርገናል ብለን እንዴት እንገባለን? ጉዞ እኮ ከመነሳት በፊት ነው የሚዘጋጀው” አሉ። እሳቸው የሚፈልጉት ነዳጁን፣ ጭነቱን፣ መንገዱን ቀድመው ማየት ነው። ይኼ መጽሐፍ ያንን ሆን ብሎ ይዘለዋል። ዘሎም ወደ ድርጊቱ ይገባል። ለብዙ ቡድን ትክክል ነው። የእኛ ቡድን ውስጥ ግን ዝግጅቱን የሚወድ ሰው አለ፤ ያለ እሳቸው ደግሞ ጨዋታ የለም።

ታኅሣሥ፦ ትራቨለርና ሴፊየስ

የዘርፉ አዛውንት ትራቨለር ነው። ማርክ ሚለር የጻፈው፣ ጌም ዲዛይነርስ ወርክሾፕ በ1977 ያሳተመው። ሁለት ባለ 6 ጎን ዳይስ ብቻ። 8 እና ከዚያ በላይ ካመጣህ ተሳካ። ሴፊየስ ኤንጂን የሚባለው ደግሞ የዚሁ ሞተር፣ ማለትም መሠረታዊ ሕጉ፣ በክፍት ፈቃድ ነው፤ በ2016 ወጣ። እኛ የሞከርነው እሱን ነው።

ብዙ ሰው ይኼን ጨዋታ ደረቅ ነው ይለዋል። እኔም ለስፔስ ኦፔራ ይበቃል ብዬ አልጠበቅኩም ነበር።

ካራክተር የሚሠራው በሕይወት ታሪክ ነው። ሙያ ትመርጣለህ፤ በየአራት ዓመቱ ዳይስ ትጥላለህ። ተረፍክ? አደግክ? ምን ተማርክ? በ1977ቱ እትም የመትረፍ ውርወራው ከከሸፈ ካራክተሩ ጨዋታው ሳይጀመር ይሞታል። እኛ በሞት ፈንታ አደጋ ደርሶበት ከሥራ እንዲባረር አደረግን። ሙሉ እሁድ ፈጀ። አንድም ትዕይንት አልተጫወትንም፤ ማንም ግን አልሰለቸም። ወንድሜ ከባሕር ኃይል በውርደት የተባረረ፣ የአርባ ዓመት አብራሪ ሆኖ ወጣ። የነርሷ ሰው ሁለቴ ታስሯል። ጋሼ ነጋዴ ሆኑ፤ ሌላ ምን ሊሆኑ ነው? ደላላነት የሚባል ስኪልም ወጣላቸው፤ ከዚያ በኋላ ሌላ ስኪል አልፈለጉም።

ዕድሉን ቀድሜ አስልቼ ወረቀት ላይ አወጣሁ፤ ሁሉም ሊያየው ይገባል። ያለ ጭማሪ 8+ ማለት 42 በመቶ ነው። +1 ካለህ 58፣ +2 ከሆነ 72፣ +3 ከሆነ 83። ስኪሉ ጭራሽ የሌለው ሰው −3 ስላለበት ዕድሉ 8 በመቶ ብቻ ነው። ስለዚህ አንዲት ነጥብ ብዙ ታንቀሳቅሳለች። ጭማሪ እንደ ቆሎ መበተን አይቻልም። ከ+4 በላይ እንዳይሆን ገደብ አደረግን።

አሁን ወደ ዕዳው። በ1977ቱ መጽሐፍ ባለ 200 ቶን ነፃ ነጋዴ የሚባለው መርከብ ዋጋው 37.08 ሚሊዮን ክሬዲት ነው። ባንክ ያበድርሃል። በየወሩ የዋጋውን 1/240 ትከፍላለህ፣ ለ40 ዓመት። ወርሃዊው 154,500 ይመጣል። እኛም ይኼንኑ መርከብ ወሰድን። ስሙን “ሰባራ ባቡር” ብለው አወጡለት።

ሂሳብ ሠራተኛዋ ወዲያው ደብተር አወጣች። 82 ቶን ጭነት፣ በቶን 1,000። ስድስት የመንገደኛ ክፍል፣ አንዱ 10,000። ሃያ የእንቅልፍ ሣጥን፣ አንዱ 1,000። ሞልቶ ከሄደ አንድ ጉዞ 162,000 ያስገባል። ጉዞው ራሱ አንድ ሳምንት ገደማ፣ ወደብ ላይ ሌላ ሳምንት። በወር ሁለት ጉዞ። ሞልቶ ከሄደ ያዋጣል። ግማሹ ባዶ ከሆነ ግን የወሩ ገቢ 162,000 ነው። ዕዳው ሲነሳ 7,500 ይቀራል። ነዳጁ ብቻውን 30,000 ነው። ደሞዝ፣ ምግብ፣ ጥገና ገና አልተነካም።

ይኼን ሂሳብ ጮክ ብላ ስታነብ ጠረጴዛው ዝም አለ። ከዚያ ሁሉም በአንድ ጊዜ ማውራት ጀመረ። እኔን የጠበቀ የለም። ያልተጣራ ነዳጅ በቶን 100 ነው፤ የተጣራው 500። ያልተጣራውን ከቀዳህ ግን ዝላዩ፣ ማለትም ከኮከብ ኮከብ የሚወስድህ ጉዞ፣ ሊስት ይችላል፤ ያላሰብከው ቦታ ትወጣለህ። ጋሼ ሳቁ። “ጋዝ የተቀላቀለበት ናፍጣ ነዋ! እሱን አውቀዋለሁ” አሉ። ነዳጅ ሳይከፍሉ ከጋዝ ፕላኔት መቅዳትም ይቻላል፤ እሱ ጊዜ ይበላል፣ ሽፍታም ይጠብቅሃል። አየር ባየር ንግድ ውስጥ ቢገቡስ? ጭነቱ ውስጥ የተደበቀው ሰውዬ ስንት ከፈለ? የሙከራው ትዕይንት በራሱ ተጀመረ። በሌሎቹ ሕጎች ተጫዋቾቹ ኮንትሮባንድ ያስገቡት እኔ ስላልኳቸው ነበር። እዚህ የወሩ ሂሳብ ስላልሞላ ነው።

ሌላው ያልጠበቅኩት የዜና ነገር ነው። በዚህ ሕግ ከመርከብ የሚፈጥን መገናኛ የለም። ሬዲዮ ከኮከብ ኮከብ አይደርስም። ዜና የሚሄደው በመርከብ ተጭኖ ነው። እዚህ ወንጀል ሠርተህ ከዘለልክ፣ የሚቀጥለው ወደብ ላይ ንጹሕ ሰው ነህ፤ የእስር ትእዛዙ እስኪደርስ ድረስ። ሰባራ ባቡር በአንድ ጊዜ የሚዘለው 1 ፓርሴክ (የከዋክብት ርቀት መለኪያ) ነው። የመንግሥት ፈጣን መልእክተኛ 4 ይዘላል። ስለዚህ ማምለጥ ሁልጊዜ ከወረቀት ጋር መሽቀዳደም ነው። አንድም የውጊያ ሕግ ሳልነካ ካምፔኑን የሚያስኬድ ፍርሃት አገኘሁ።

ታኅሣሥ መጨረሻ፦ መገጣጠም

ምርጫው ይኼ ሆነ። አጥንቱ ሴፊየስ፤ ካራክተር፣ ውርወራ፣ ዝላይ፣ ንግድ፣ ዕዳ። ሴክተሩ ከስታርስ ዊዝአውት ነምበር። ከስከም ኤንድ ቪለኒ ሁለት ነገር፤ ሰዓቶቹ እና ወደ ኋላ መመለሱ። የኋለኛው ላይ ከጋሼ ጋር ተደራደርን። በአንድ እሁድ ለአንድ ሰው አንድ ጊዜ ብቻ፣ ያውም ገንዘብ ከፍሎ። ጭንቀት የሚለውን ቆጠራ አወጣነው፤ ዕዳው ይበቃል።

ጎደሎው ጀግንነቱ ነው። ሴፊየስ ውስጥ ጉዳት በቀጥታ ከጥንካሬ፣ ከቅልጥፍናና ከጽናት ላይ ይቀነሳል። ጠመንጃ ክፉኛ ይጎዳል። ስለዚህ አንድ የራሳችንን ሕግ ጨመርን። ተጫዋች ሊወድቅ ሲል፣ ከፈለገ ይተርፋል፤ በምትኩ መርከቡ ላይ አንድ ነገር ይሰበራል ወይም ዕዳው ይጨምራል። ወንድሜ እስካሁን ሁለት የማረፊያ እግርና አንድ ማቀዝቀዣ አስወጥቶናል።

የታተመው ሁሉ ወደ 60 ገጽ ነው፤ 300 ብር። የዕድል ሠንጠረዡንና የንግድ ዋጋውን ላሚኔት አስደረግኩ፤ 120 ብር። አንድ ባለ ካሬ ደብተር። ዳይስ ለሁሉም። ይኸው ነው።

ጥር፦ መሬት ላይ ሲወርድ

ከገና በኋላ ጀመርን። የጥምቀት እሁድ ተዘለለ።

የንግዱ ሂሳብ ጨዋታውን በላው። እያንዳንዱ ወደብ ላይ ዕቃ መፈለግ፣ ለዋጋው ዳይስ መጣል፣ መከራከር። ጋሼና ሂሳብ ሠራተኛዋ ዓለማቸውን ይቀጫሉ፤ ሌሎቹ ስልክ ያያሉ። መፍትሔው ንግዱን ከእሁድ ማውጣት ሆነ። ሁለቱ ሳምንቱን በቴሌግራም ይጨርሱታል። እሁድ የሚመጣው ውጤቱ ብቻ ነው፤ ምን ተጫነ፣ ከማን፣ ስንት ጎደለ።

የዝላዩ ሳምንትም ባዶ ነበር። “ሳምንት አለፈ” ብዬ መዝለል ጀምሬ ነበር። አሁን በእያንዳንዱ ዝላይ አንድ ተጫዋች መርከቡ ውስጥ የሚሆን አጭር ትዕይንት ይመራል፤ እኔ አርፌ ሻይ እጠጣለሁ። ነርሷ በመጀመሪያው ተራዋ አንዱን መንገደኛ አሳመመችው። ያ ሕመም አሁን ራሱን የቻለ ሰዓት ሆኗል።

ዕዳው ደግሞ ዕቁብ ወለደ። ሐሳቡ የተጫዋቾቹ ነው። አንድ ወደብ ላይ ከሚመላለሱ ሌሎች ሦስት ካፒቴኖች ጋር ገቡ። ዕጣው በዳይስ ወጣ። የመጀመሪያው የደረሰው ካፒቴን ብሩን ይዞ ዘለለ፤ አልተመለሰም። ዋሱ ማን ነበር? ጋሼ። ዜና ከመርከብ ስለማይፈጥን ወዴት እንደሄደ የሚያውቅ የለም። ወደብ በወደብ መጠየቅ ነው። አሁን ካምፔኑ ይኼ ነው። እኔ ያዘጋጀሁት የሚፈራርሰው ግዛት ጥጉን ይዞ እየጠበቀ ነው።

ያልተፈታው የመርከብ ውጊያ ነው። ሴፊየስ ውስጥ ርቀት፣ ተራ፣ መሣሪያ፣ ጉዳት ለየብቻ ሠንጠረዥ አላቸው። ከአንድ ሽፍታ ጋር የተደረገ ውጊያ የእሁዱን ግማሽ በላ፤ አብራሪውና ተኳሹ ሲጥሉ ሌሎቹ ተመለከቱ። በሚቀጥለው በሁለት ባለ ክብ ሰዓቶች ልተካው ነው። አንዱ “አመለጥን” ባለ 6 ቁራጭ፣ ሌላው “ደረሱብን” ባለ 4። በየተራው እያንዳንዱ ሰው ምን እንደሚሠራ ይናገርና አንድ ጊዜ 8+ ይጥላል። ካሳካ የእኛው ክብ ይጠቁራል፤ ካልሆነ የእነሱ። 42 በመቶው ለሐኪሟ ከባድ ስለሆነ፣ ከሌላ ሰው ሥራ ጋር ከተያያዘ +1። የሽፍታው መርከብ ወረቀት ተዘጋጅቷል። የሚቀረው ከጋሼ ጋር ነዳጁ ስንት ቶን እንደቀረ መተማመን ነው፤ የእሳቸው ደብተር 11 ይላል፣ የእኔ 9።